ከሽማግሌዎቹ አንዷ

ፍቅር ዕውር ነው ይባላል፤ ይሁንለት። ቅናት ግን ዓይነ ብዙ ነው፤ የሌለውንም ያያል። የሺእመቤት ያን ቅዳሜ ረፋድ ከበረዶው ሜዳ ዳር ተቀምጣ ታይ የነበረውን ነገር፣ ከጎኗ ልጆቻቸውን የሚጠብቁት እናቶች አላዩትም። እነሱ ያዩት አንድ ረጅም ጀርመናዊ ወጣት አንዲት ደቃቃ ልጅ በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ በበረዶው ላይ ሲንሳፈፍ ነው። ዓይተው አጨበጨቡ። የሺ ያየችው መዳፉን ነበር። መዳፉ የልጅቷ ዳሌ ላይ ነበር፤ ለየሺ ደግሞ በጣም ብዙ የቆየ መሰላት።

ወጣቱ ማትያስ ይባላል፣ ልጅቷ ዛቢኔ። ለምዕራብ ጀርመን የሚወዳደሩ ጥንድ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋቾች ናቸው። አሰልጣኛቸው ሥራ አግኝቶ ወደ አትላንታ ሲዛወር ተከትለውት መጡና ከሮዝዌል ከተማ አለፍ ብሎ ባለው የበረዶ ሜዳ ሲለማመዱ ሁለተኛ ዓመታቸውን ያዙ። በአገራቸው ውድድር ሁለተኛ ወጥተዋል። ዘንድሮ አንደኛ ከወጡ የካቲት ላይ ካልጋሪ ለኦሎምፒክ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ትልቅ ክብር ነው። ለየሺ ግን በቀላል አማርኛ ሲተረጎም፣ የምትወደው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ሴት አቅፎ ይውላል፣ ለዚያም ይጨበጨብለታል ማለት ነበር።

እሷ የሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ናት። ማትያስን ያገኘችው አምና የእጁ አንጓ ተሰብሮ ሲመጣ ነው። ፊቱን በቅጡ ሳታይ አጥንቱን አየች። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ወደቅኩ» አላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጄሶው ከወጣለት በኋላ ግን ያለ ቀጠሮ መጥቶ፣ የዳነ እጁን እንደ ሕፃን ዘርግቶ አሳያት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በዕረፍት ቀኗ ቤተሰቧ ከሚኖርበት ከታከር እስከ በረዶው ሜዳ መንዳት ልማዷ ሆነ። ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግን ሆዷ እያረረ ነው።

ያን ቅዳሜ የሚለማመዱት ውርወራውን ነበር። ወንዱ ሴቲቱን በሙሉ ኃይሉ ይወረውራታል፤ እሷ አየር ላይ ተሽከርክራ ራቅ ብላ በአንድ እግሯ ታርፋለች። ማትያስ የዛቢኔን ወገብ ያዘ። ሊወረውራት ሲል ቀና አለና ወደ አግዳሚው አየ። ከየሺ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሷን እንኳ ይዞ የሚያየው እኔን ነው አለች የሺ በልቧ። ደስታዋ ገና ሳያልቅ ዛቢኔ ከበረዶው ጋር ስትላተም ድምፁ ሜዳውን ሞላው።

ማትያስ በጉልበቱ ተንሸራቶ ደረሰላት። ጫማዋን ፈታ፣ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለና በጀርመንኛ አንድ ነገር ሹክ አላት። እሷም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሰው በተጎዳ ቁርጭምጭሚት ይቀናል? የሺ ቀናች። በራሷ አፈረች፤ ማፈሯ ግን ቅናቷን አልቀነሰላትም።

መኪና ማቆሚያው ላይ ነው የፈነዳችው። ዛቢኔ የማትያስ ቮልስዋገን ውስጥ ተቀምጣለች። የየሺና የማትያስ ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ በአማርኛችን እንስማው።

«ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው» አላት ማትያስ። «አብረሽን ነይ።»

«ሦስተኛ ሆኜ የት ነው የምመጣው?»

«የሺ፣ ሥራ እኮ ነው።»

«ሥራ! የኔም ሥራ ሰው መንካት አለበት። አንድም ቀን ግን በሽተኛ አቅፌ ወደ ጣሪያ አንስቼ አላውቅም!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። «ምን ላድርግልሽ?» አለ ዝግ ብሎ።

«ወይ እኔን ወይ እሷን።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ማትያስ አንዴ እሷን፣ አንዴ መኪናው ውስጥ ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ያሳረፈችውን ልጅ አየ። ምንም አልመለሰም። የሺም ዝምታውን መልስ አደረገችው። ጀርባዋን ሰጥታው ወደ መኪናዋ ሄደች፤ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ቁልፉን ሳታዞር አለቀሰች።

እንግዲህ የሺ የአባቷ ልጅ ናት። አቶ ገብረሕይወት ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ እስከ አትላንታ ቤተሰባቸውን ይዘው የመጡት በግትርነት ነው፤ ልጃቸውም ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለትን ከሳቸው ወርሳለች። ማትያስ ቤት ሲደውል አላነሳችም፤ ሆስፒታል ሲደውል «ሥራ ላይ ናት በሉት» አለች። ስልኩ መጮኹን ሲተው ደግሞ «ለምን አይደውልም?» ብላ ተናደደች። እናቷ ወይዘሮ ብዙነሽ ይህን ሁሉ ያያሉ፤ የየሺ ሳህን ሳይነካ ሲመለስም በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

ዓርብ ምሳ ላይ አቶ ገብረሕይወት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይገዙ ኮል አድርጎልኝ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለሽምግልና እንመጣለን አለኝ።»

«ለማን?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ እያወቁ።

«ለማን ይሆናል? ለበረዶው ልጅ ነዋ!» አቶ ገብረሕይወት የማትያስን ስም ጠርተው አያውቁም። «ስሙ የሐዋርያ ስም ነው፤ እሱን አልጠላሁበትም። ሥራህ ምንድነው ስለው ግን መንሸራተት ነው አለኝ። እኛ እግዜር እንዳንንሸራተት ይጠብቀን ስንል ነው የኖርነው! እኔ ዶክተር ስጠብቅ...»

የሺ የአባቷን ማማረር አልሰማችም። እኔን መረጠ! ዝም ያለው ለካ ቸኩሎ ላለመናገር ነው። ሳህኗን አነሳችና ሁለተኛ ጊዜ ጨምራ በላች።

አቶ ይገዙ የአባቷ የካምፕ ጓደኛ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ ለሰው ችግር መድረስ ይወዳሉ። ማትያስ በየሺ በኩል ያውቃቸው ነበርና ጨንቆት ሲሄድባቸው ወጉን አስተማሩት። «ልጅ በስልክ አትለመንም፤ ሽማግሌ ይላካል። አንተ ወላጆችህ ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ ከልጅነትህ ጀምሮ የሚያውቅህ፣ ዋስ የሚሆንልህ አንድ ሰው ፈልግ። ሁለተኛው እኔ እሆናለሁ» አሉት። ሽማግሌ ወንድ ነው፣ ሽበት ያለው ነው ብለው አልነገሩትም። በኛ አገር ይህን ለማን ይነግሩታል?

እሁድ የሺ እንደ ወጉ ከክፍሏ ሳትወጣ እንድትቆይ ተነገራት። ከመስኮቱ ሆና ቮልስዋገኑ ከቤታቸው ፊት ሲቆም አየች። ማትያስ ሱፍ ለብሷል፤ ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና መኪናው ውስጥ ቀረ። አቶ ይገዙ በሱፋቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው ወረዱ። ከዚያ የወዲያኛው በር ተከፈተና ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እያነከሰች ወጣች።

ዛቢኔ!

የየሺ ጆሮ ጋለ። ከዓለም ሰው ሁሉ መርጦ እሷን? ያውም በዚህ ቀን? ያውም ቤቴ ድረስ? መጋረጃውን ለቀቀችውና አልጋዋ ላይ ዘጭ አለች። ወዲያው ደግሞ ተነስታ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች፤ መናደድ ሌላ፣ አለመስማት ሌላ።

ሳሎን ውስጥ ዘወትር አንተ ሲባባሉ የኖሩት ሁለቱ ጓደኛሞች ለዛሬ እርስዎ ተባባሉ።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ አቶ ይገዙ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«እሺ፤ ሴትዮዋስ ማን ናት?»

አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሽማግሌ ናት።»

ከወጥ ቤቱ ወይዘሮ ብዙነሽ «በስመ አብ! ሚስቱን ነው የላከው?» ሲሉ ተሰማ።

«ከልጅነትህ የሚያውቅህ ሰው አምጣ አልኩት» አሉ አቶ ይገዙ ላብ እያላባቸው። «ይቺን አመጣ። ዛሬ ጠዋት መኪናው ውስጥ ሳያት እኔም እንደ እርስዎ ደንግጫለሁ። አብራው ነው የምትንሸራተተው።»

አቶ ገብረሕይወት ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። በጤነኛ እግሯ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ እግሯን አሟት ፊቷ ነጥቷል። «እሷ እንኳ ትቀመጥ» አሉ በእንግሊዝኛ ወንበር እያመለከቱ። ዛቢኔ አቶ ይገዙን አየቻቸው፤ እሳቸው አለመቀመጣቸውን ስታይ «አመሰግናለሁ፣ እቆማለሁ» አለች።

የሺ በሩ ላይ ጥርሷን ነከሰች። ደግሞ ትህትናዋ!

«እንግዲህ ዋስ ነኝ ካለች ትናገር» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ስለ ልጁ ምን ታውቃለች?»

አቶ ይገዙ ተረጎሙላት። ዛቢኔ በእንግሊዝኛ፣ ትምህርት ቤት እንደምታነብ ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ቁመታችሁ ለጥንድ ይስማማል ብለው ያጣመሩን ልጆች ሆነን ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያነሳኛል። አይጥለኝም አልልም፤ ጥሎኛል። ግን አምና ከራሱ በላይ ይዞኝ ሳለ የጫማው ስለት ሲነቀል፣ እጁን ነፃ አድርጎ ራሱን ማዳን ይችል ነበር። ከሥሬ ገብቶ ወደቀ። እኔ ተነስቼ ሄድኩ፤ እሱ አንጓው ተሰበረ።»

የሺ ከበሩ ራቅ አለች። ያን አንጓ በገዛ እጇ ፎቶ አንስታዋለች። «ወደቅኩ» ብቻ ነበር ያላት። ማትያስን ወደ እሷ ያመጣው እንግዲህ ከዛቢኔ ሥር መውደቁ ነው።

አቶ ይገዙ አሳምረው ተረጎሙ። አቶ ገብረሕይወት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም አባት ናቸውና የአባት ጥያቄ ጠየቁ። «ይህን ያህል ደግ ከሆነ፣ እሷ ለምን አላገባችውም?»

«ኧረ አቶ ገብረሕይወት!»

«ይጠይቁልኝ።»

አቶ ይገዙ እያፈሩ ዛቢኔን ጠየቋት። «ትንሽ ልጅ ሳለሁ እወደው ነበር» አለች። «ነገርኩትም። እሱ ግን፣ ከወደድኩሽ ልወረውርሽ አልችልም፣ እፈራለሁ አለኝ። ስለዚህ መወርወሩን መረጥኩ። ሌላ ነገር ስለሌለኝ። የአገራችን ውድድር ሊደርስ ነው፣ ከዚያ ካልጋሪ...» ጎንበስ ብላ ያበጠ እግሯን አየች። «አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ትናንት ለአሰልጣኛችን አቆምኩ ብሎ ነግሮታል። ለልጃችሁ ሲል። አሰልጣኙ አባረረው። እኔም አልቅሼ ሰድቤዋለሁ። ግን ዛሬ ዋስ የሚሆነው ሰው አልነበረውም።»

አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ። ሽማግሌ ነገር ያለዝባል እንጂ አያፈነዳም። «ጠባዩ እጅግ መልካም ነው ትላለች» ብለው ተረጎሙ።

«ይገዙ» አሉ አቶ ገብረሕይወት፣ እርስዎን ረስተው። «እኔም እዚህ አገር ነው የምኖረው። ያለችውን ሰምቻለሁ።»

ከበሩ ጀርባ የሺ ቆማ ቀረች። የጠየቀችው ሆኖላታል። ጠላቷን ከሜዳው አስወጥታለች፤ ማትያስ እንግዲህ ማንንም አያነሳም፣ ማንንም አያቅፍም። ሳምንቱን ሙሉ የጸለየችው ለዚህ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ደስታው የታል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። ልጅነቱን ሁሉ የሰጠውን ነገር ትቶላት መጥቶ ውጪ ተቀምጧል፤ ይህቺ ደግሞ ሕይወቷ በአንድ ቀን ፈርሶባት፣ ባበጠ እግሯ ቆማ፣ ያፈረሰችባትን ሴት ለሌላ ሰው ትለምናለች። የሺ በዛቢኔ ላይ በዚያች ሰዓት ከምንጊዜውም ይልቅ ቀናችባት፤ እኔ ይህን ለማንም ማድረግ አልችልም ብላ አሰበች። በሩን ከፍታ ወጣች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ጮኹ። ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ያውም ነጠላ ሳትለብስ።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች የሺ። «ወይ እኔን ወይ እሷን ያልኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»

ሴት ልጅ አባቷና ሽማግሌ ፊት ቀናሁ ስትል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። አቶ ይገዙ መሬት መሬት አዩ። የሺ ግን ወደ ዛቢኔ ዞራለች።

«ምረጥ ብዬ ያስገደድኩት እኔ እንደሆንኩ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሰው የለውማ» አለች ዛቢኔ። ቀላል አድርጋ ነው ያለችው። ከዚያ የቆመችበት እግር ከዳት። የሺ ደርሳ በብብቷ ገብታ ያዘቻት፤ ክብደት የላትም፣ እንደ ወፍ ናት። ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ፤ የየሺ እጅ ግን ማትያስ በየቀኑ የሚይዘው ወገብ ላይ መሆኑን ልቧ እያለቀሰች እንኳ አልሳተውም።

አቶ ገብረሕይወት ለዛቢኔ ወንበር ሳቡላት። ከዚያ በእንግሊዝኛ «ይሄ ነገራችሁ መቼ ነው የሚያልቀው? ካልጋሪም ሌላውም?» አሏት።

«ሁሉም? መጋቢት መጨረሻ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ያለውም ጊዜ ለሰርግ አይበቃም። አቶ ይገዙ፣ ሰምተናል። ቤተሰብ እንመክርበታለን። ሂዱና ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ። ሽማግሌ አይቀየርም፤ ይቺው ሴትዮ ትምጣ፤ ደግሞ ድና፣ በሁለት እግሯ ትምጣ። ሥራውን የፈታ ሰው ግን በሬን እንዳያንኳኳ። እኔ ለሥራ ፈት ልጅ አልሰጥም።»

«መንሸራተት ሥራ ሆነ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ ከወጥ ቤት።

«አንቺ ሴት፣ ለእንግዶቹ የሚቀመስ አቅርቢ!»

እንግዶቹ ቀምሰው ሲወጡ ማትያስ ቮልስዋገኑን ተደግፎ ቆሞ ነበር። አቶ ይገዙ ቀድመው ወጥተው የተባለውን ነገሩት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለስ መባሉን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። የሺ ዛቢኔን ደግፋ ስትደርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እምቢ አሉኝ» አላት።

«እምቢ አላሉህም። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት በኛ ዘንድ የለም፤ ልጁን ያቀለለ ይመስለዋል። ተመለሱ ካለ ደስ ብሎታል ማለት ነው።»

ማትያስ ይህን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሊስቅ ሲል የሺ አቋረጠችው።

«አሁኑኑ ለአሰልጣኝህ ደውል። እግሯ ሲድንላት ትቀጥላላችሁ።»

«ግን አንቺ...»

«እኔ እቀናለሁ። ነገም እቀናለሁ፤ ካልጋሪ በቴሌቪዥን ሳያችሁም ሆዴ ያራል። እሱን ለኔ ተወው።»

«የሺ፣ ታምኚኛለሽ?»

አየችው። ልትዋሸው አልፈለገችም። «አንተን ለማመን ገና ነኝ» አለችው። «ዋስህን ግን አመንኳት።»

ዛቢኔ ይህን ስትሰማ የየሺን ክንድ ጠበቅ አደረገችው። አቶ ይገዙ የፊተኛውን በር ሊከፍቱ ሲሉ የሺ ቀደመቻቸው። ያ ወንበር የሷ ወንበር ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከማትያስ ጎን የተቀመጠችበት። ያመመው እግር ይዘረጋ ዘንድ ወደ ኋላ ገፋችው፣ ዛቢኔን ደግፋ አስቀመጠቻት፣ የቀሚሷ ጫፍ በር ውስጥ እንዳይቀር ሰብስባ ጉልበቷ ላይ አደረገችላት። ከዚያ በሩን ራሷ ዘጋችው። ቮልስዋገኑ አቶ ይገዙን ከኋላ፣ ሁለቱን ደግሞ ከፊት ጎን ለጎን አድርጎ ሲርቅ ልቧ ነደደ፤ ክፉኛ ነደደ፤ እሷም ከመንገዱ ዳር ሳትንቀሳቀስ፣ ነጠላ እንኳ ሳትለብስ፣ እያየቻቸው ቆመች።